ለዩናይትድ ኪንግደም የተማሪ ቪዛ የሚያስፈልግ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቃት ማረጋገጫ፦ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ ጽሑፍ በዩናይትድ ኪንግደም የትምህርት ተቋማት ለመማር ያመለከቱ ወይም ለማመልከት በዝግጅት ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ወላጆቻቸው በተማሪ ቪዛ ደንብ ውስጥ ስለተቀመጠው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቃት መስፈርት የተሟላ ግንዛቤ እንዲኖራቸው ለማስቻል የተዘጋጀ ነው። ቪዛ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን ሙሉ በሙሉ የዩናይትድ ኪንግደም መንግሥት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተማሪ ቪዛ የሚከለከለው ሁልጊዜ የቋንቋ ችሎታ ስላነሰው ብቻ አይደለም። ችሎታው እያለው የተሳሳተ ፈተና በመፈተኑ፣ የፈተናው ውጤት ጊዜ ስላለፈበት ወይም በማስረጃዎቹ ላይ ያለው ስም ስላልተመሳሰለ ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብና የአንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ጊዜ ሊያስከፍል ስለሚችል፣ አመልካቾች ማንኛውንም ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ከዚህ በታች የቀረበውን መረጃ በጥሞና እንዲያነቡ ይመከራል።

በአጭሩ

• ለመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በላይ ለሆነ ትምህርት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ደረጃ ቢ2 ነው። ከዲግሪ በታች ለሆነ ትምህርት ደግሞ ቢ1 ነው።
• ደረጃው በማንበብ፣ በመጻፍ፣ በማዳመጥና በመናገር፣ በአራቱም ክህሎቶች በተናጠል መሟላት አለበት።
• ለቪዛ የሚቀርብ የፈተና ውጤት ማመልከቻው ከሚቀርብበት ቀን በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ የተገኘ መሆን ይኖርበታል።
• የቪዛው ዝቅተኛ መስፈርትና ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው ውጤት የተለያዩ ናቸው፤ አመልካቹ ሁለቱንም ማሟላት ይጠበቅበታል።

1. ደንቡ የሚጠይቀው ደረጃ

በሥራ ላይ ያለው የተማሪ ቪዛ ሥርዓት ቀደም ሲል «ቲየር 4» እየተባለ ይጠራ የነበረውን ሥርዓት በመተካት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 5 ቀን 2020 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። የቋንቋ ደረጃዎቹ የተወሰዱት የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ካደረገው የቋንቋዎች የጋራ ማመሳከሪያ ማዕቀፍ ነው። ማዕቀፉ የቋንቋ ችሎታን ከኤ1 እስከ ሲ2 ባሉ ስድስት ደረጃዎች ይከፍላል። ቢ1 ሦስተኛው፣ ቢ2 ደግሞ አራተኛው ደረጃ ነው።

በቢ1 ደረጃ ላይ ያለ ሰው በሚያውቃቸው ጉዳዮች ላይ ሐሳቡን መግለጽና የዕለት ተዕለት ጉዳዮቹን ማስፈጸም ይችላል። በቢ2 ደረጃ ላይ ያለ ሰው ግን ውስብስብ ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ይረዳል፤ በሙያው ዙሪያ ይከራከራል፤ አንድን አቋም ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያቀርባል። የዲግሪ ተማሪ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትምህርት ማዳመጥ፣ በውይይት መሳተፍና ጽሑፍ ማቅረብ ስለሚጠበቅበት የቪዛ ደንቡ ይህንን ደረጃ ዝቅተኛ መነሻ አድርጎ አስቀምጦታል።

2. ከመስፈርቱ ነጻ የሚሆኑ አመልካቾች

የዩናይትድ ኪንግደም የኢሚግሬሽን ደንብ አብዛኛው ሕዝባቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑ አገሮችን ለይቶ አስቀምጧል። የእነዚህ አገሮች ዜጎች የቋንቋ ማስረጃ አይጠየቁም። ዩናይትድ ስቴትስ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ጃማይካ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። በመሆኑም የአሜሪካን ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በዜግነቱ ምክንያት ከመስፈርቱ ነጻ ይሆናል። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ግን ነጻ አይሆንም።

ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ይህንን አይለውጠውም። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ናይጄሪያና ሕንድም በዝርዝሩ አልተካተቱም። ስለዚህ በናይሮቢ ወይም በኒው ዴልሂ በእንግሊዝኛ ተምሮ የተመረቀ ኢትዮጵያዊ «እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ስለተማርሁ ማስረጃ አያስፈልገኝም» ብሎ መደምደም የለበትም።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት አመልካቾች አዲስ ፈተና ላያስፈልጋቸው ይችላል፦

• በዝርዝሩ በተመለከቱት ለዚሁ ዓላማ ተቀባይነት ባላቸው አገሮች ከዩናይትድ ኪንግደም ዲግሪ ጋር የሚስተካከል ትምህርት ያጠናቀቁ፣
• ቀደም ሲል ለቀረበና ለተፈቀደ የዩናይትድ ኪንግደም ቪዛ የሚፈለገውን ደረጃ ያረጋገጡ፣
• በዩናይትድ ኪንግደም ትምህርት ቤት ተምረው በእንግሊዝኛ ቋንቋ የአገሪቱን የሁለተኛ ደረጃ የብቃት ማረጋገጫ ያገኙ።

ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 17 ዓመት የሆኑና በግል ትምህርት ቤቶች ለመማር በሕፃናት ተማሪዎች ቪዛ የሚያመለክቱ ልጆች በቪዛ ደንቡ የቋንቋ ማስረጃ አይጠየቁም። ትምህርት ቤቱ ግን የራሱን የመግቢያ ምዘና ሊሰጥ ይችላል።

3. ዩኒቨርሲቲው ራሱ ብቃትን የሚያረጋግጥበት አሠራር

ብዙ አመልካቾች የማያውቁት፣ ነገር ግን ወጪና ጊዜ ሊቆጥብ የሚችል አሠራር ይህ ነው። የተማሪ ስፖንሰርነት ፈቃድ ያለውና ግዴታውን በአግባቡ በመወጣት የታወቀ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ ለዲግሪና ከዚያ በላይ ለሆነ ትምህርት የተቀበለውን ተማሪ የቋንቋ ብቃት ራሱ መዝኖ እንዲያረጋግጥ ደንቡ ይፈቅድለታል። ተቋሙ ተማሪው ቢ2 ደረጃን በአራቱም ክህሎቶች ማሟላቱንና በምን መንገድ እንዳረጋገጠ «ካስ» በተባለው የትምህርት ቅበላ ማረጋገጫ ላይ ያሰፍራል።

ካስ ዩኒቨርሲቲው በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ለቪዛ ባለሥልጣኑ የሚያስተላልፈውና የራሱ መለያ ቁጥር ያለው መዝገብ ነው። ያለ ካስ ቁጥር የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ ማቅረብ አይቻልም።

በዚህ አሠራር መሠረት አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለቪዛ ተብሎ ያልተዘጋጀውን መደበኛውን የአይኤልትስ ፈተና፣ ቶፍልን ወይም ዱኦሊንጎን ይቀበላሉ። ሌሎች ደግሞ አመልካቹ ዲግሪውን በእንግሊዝኛ መማሩን የሚገልጽ የማስተማሪያ ቋንቋ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይቀበላሉ። ደብዳቤውን የማይቀበሉ ተቋማትም አሉ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለውን ሌላው እንዲቀበል የሚያስገድድ ደንብ ስለሌለ፣ «ጓደኛዬ ያለ ፈተና ሄዷል» የሚለው መረጃ ለሌላ አመልካች ዋስትና አይሆንም።

የማስተማሪያ ቋንቋ ማረጋገጫ ደብዳቤ የሚያስፈልገው አመልካች የሚከተሉትን ማድረግ ይገባዋል፦

ሀ) ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤውን የሚቀበል መሆኑንና በካስ ላይ እንደ ማረጋገጫ የሚያሰፍረው መሆኑን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ማስቀመጥ፤
ለ) ከተመረቀበት ተቋም ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት በተቋሙ አርማ ያለው፣ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጠየቅ፤
ሐ) ደብዳቤው ሙሉ ስምን፣ የትምህርት መስክን፣ ትምህርቱ የተጀመረበትንና የተጠናቀቀበትን ዘመን እንዲሁም የማስተማሪያና የፈተና ቋንቋው እንግሊዝኛ እንደነበር በግልጽ ማስፈሩን ማረጋገጥ።

ይህ አሠራር ከዲግሪ በታች ለሆኑ ትምህርቶች አያገለግልም። ለመሰናዶ ዓመት ወይም ከዋናው ትምህርት በፊት ለሚሰጥ የቋንቋ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሄድ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ለቪዛ በተፈቀደ ፈተና ቢያንስ ቢ1 ማምጣት አለበት። «ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል» በማለት ይህንን ልዩነት ያላስተዋሉ ተማሪዎች ካስ በሚጠይቁበት ወቅት ችግር ይገጥማቸዋል።

4. ለቪዛ የተፈቀደው ፈተና

ተቋሙ ራሱ ብቃትን በማያረጋግጥበት ጊዜ አመልካቹ «ሴልት» ተብሎ የሚጠራውን፣ ጥብቅ የጥበቃ ሥርዓት ያለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና በተፈቀደ ማዕከል መፈተን አለበት። ከዩናይትድ ኪንግደም ውጭ ይህንን ፈተና እንዲሰጡ ከተፈቀደላቸው መካከል አይኤልትስ፣ ፒርሰን፣ ላንጉዌጅሰርትና ፒኤስአይ ይገኙበታል። ሁሉም በየአገሩ ማዕከል የላቸውም። የተፈቀዱ ማዕከላት ዝርዝር በዩናይትድ ኪንግደም መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በየአገሩ ተለይቶ ይወጣል። አመልካቹ ከሚኖርበት አገር ውጭ ባለ የተፈቀደ ማዕከልም መፈተን ይችላል።

በምዝገባ ወቅት የሚከተሉትን ልዩነቶች ማወቅ አስፈላጊ ነው።

መደበኛው አይኤልትስና አይኤልትስ ለዩኬቪአይ፦ የጥያቄዎቹ ይዘት፣ ክብደትና አሰጣጥ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ በጥበቃው ሥርዓት፣ በማዕከሉ ፈቃድና በውጤቱ ላይ በሚሰፍረው ልዩ መለያ ቁጥር ላይ ነው። ለቪዛ ሴልት የሚጠየቅ ተማሪ በመደበኛው አይኤልትስ 8 ቢያመጣ እንኳ ውጤቱ ለዚህ ዓላማ አያገለግለውም። በተመሳሳይ ሁኔታ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት የሚሰጠው አይኤልትስ እንደ ሴልት አይቆጠርም።

አካዳሚክና ጄኔራል ትሬኒንግ፦ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚጠየቀው አካዳሚክ የተባለው ነው።

ላይፍ ስኪልስ፦ ይህ ፈተና ማዳመጥንና መናገርን ብቻ የሚመዝን በመሆኑ ለተማሪ ቪዛ አይሆንም።

5. ውጤትን በትክክል ማንበብ

በአይኤልትስ ለቢ2 በእያንዳንዱ ክህሎት ቢያንስ 5.5፣ ለቢ1 ደግሞ ቢያንስ 4.0 ያስፈልጋል። በፒርሰን ፒቲኢ አካዳሚክ ለዩኬቪአይ ለቢ2 በእያንዳንዱ ክህሎት 59፣ ለቢ1 ደግሞ 43 ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው አጠቃላይ ውጤትን ብቻ በማየት ነው። ለምሳሌ አንዲት አመልካች በማዳመጥ 6.5፣ በማንበብ 6.0፣ በመናገር 6.0፣ በመጻፍ 5.0 አገኘች እንበል። አማካይዋ 5.875 ሲሆን በአይኤልትስ አቆጣጠር ወደ 6.0 ይጠጋጋል። አጠቃላይ ውጤቷ ከ5.5 በላይ ቢሆንም በመጻፍ 5.0 ስላገኘች ለዲግሪ ትምህርት የሚጠየቀውን ቢ2 አላሟላችም።

በሌላ በኩል የቪዛውን መስፈርት ማሟላት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በቂ ላይሆን ይችላል። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ዲግሪ በአጠቃላይ 6.5 ሆኖ በየክህሎቱ ከ6.0 ያላነሰ ውጤት ይጠይቃሉ። እንደ ሕግና ሕክምና ባሉ መስኮች ከዚህም ከፍ ይላል። ስለዚህ ተማሪው ግቡን ማስቀመጥ ያለበት በቅበላ ደብዳቤው ላይ ከሰፈረው ውጤት በመነሣት ነው። በቼቭኒንግም ሆነ በሌላ የነጻ ትምህርት ዕድል የተመረጠ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን የቋንቋ መስፈርት ከማሟላት ነጻ አይሆንም።

6. የስምና የልደት ቀን መመሳሰል

ይህ ጉዳይ በተለይ ኢትዮጵያውያን አመልካቾችን ይመለከታል። የአገራችን የስም ሥርዓት የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። የአንድን ሰው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ የሚያገለግል ወጥ አሠራር ባለመኖሩም «ጸጋዬ»ን ወይም «ኃይለ ማርያም»ን የመሰለ ስም በተለያዩ ማስረጃዎች ላይ በሦስትና በአራት መንገድ ተጽፎ ይገኛል። የፈተና ማዕከሉ ግን የሚመዘግበው በፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው ብቻ ነው። የቪዛ መርማሪውም የፈተና ውጤቱን፣ ካሱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን ያያል።

በመሆኑም፦

• ለፈተና ሲመዘገቡ ስምን ከፓስፖርት ላይ ፊደል በፊደል መገልበጥ፤
• ለዩኒቨርሲቲ ሲያመለክቱም በተመሳሳይ አጻጻፍ መጠቀም፤
• በትምህርት ማስረጃና በፓስፖርት መካከል ልዩነት ካለ ካስ ከመውጣቱ በፊት ለዩኒቨርሲቲው ማሳወቅና ማብራሪያ ማዘጋጀት፤
• ፓስፖርት የሚታደስበት ጊዜ ከተቃረበ በተቻለ መጠን ከፈተናው በፊት ማሳደስ፤ ከፈተና በኋላ ከታደሰ አሮጌውንም አለመጣል ያስፈልጋል።

የልደት ቀን ሌላው የልዩነት ምንጭ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 10 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2004 ነው። በአንዳንድ ሰነዶች ላይ ዓመቱ ብቻ ተለውጦ ቀኑና ወሩ እንዳለ ተወስዶ ይገኛል። በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት መኖሩን የማያውቅ መርማሪ ይህንን እንደ ተቃራኒ መረጃ ሊወስደው ይችላል።

በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ውስጥ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር መቅረብ አለበት። ትርጉሙ ትክክለኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ መግለጫ፣ የተተረጎመበት ቀን እንዲሁም የተርጓሚው ሙሉ ስም፣ ፊርማና አድራሻ ሊኖሩት ይገባል።

7. የጊዜ አወሳሰን

ብዙ ትምህርቶች የሚጀመሩት በመስከረም ወር ነው። ከአገር ውጭ ሆኖ የሚያመለክት ተማሪ ማመልከቻውን ማቅረብ የሚችለው ትምህርቱ ከመጀመሩ 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ነው። ካስ ከተሰጠ በኋላም በ6 ወር ውስጥ ጥቅም ላይ መዋል አለበት። ውሳኔ በተለመደው አሠራር በ3 ሳምንት ውስጥ ይሰጣል፤ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ወይም ተጨማሪ ማጣራት ሲያስፈልግ ግን ሊዘገይ ይችላል። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከሚጠየቅባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ ከ6 ወር በላይ የሚቆይ አመልካች በተፈቀደ ክሊኒክ ተመርምሮ ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል።

እነዚህን ጊዜያት ወደ ኋላ በመቁጠር የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል፦

ትምህርቱ ከመጀመሩ ከ10 እስከ 12 ወር በፊት፦ የዩኒቨርሲቲዎችን የቋንቋ መስፈርት መለየት፣ በሙከራ ፈተና የራስን ደረጃ ማወቅ፣ የማስተማሪያ ቋንቋ ደብዳቤ ተቀባይነት ያለው መሆኑን መጠየቅ።

ከ7 እስከ 9 ወር በፊት፦ ፈተናውን መፈተን። ውጤቱ ካልተሟላ በድጋሚ ለመዘጋጀት ጊዜ ይኖራል።

ከ4 እስከ 6 ወር በፊት፦ ውጤቱን ለዩኒቨርሲቲው በመላክ ሁኔታዊውን ቅበላ ወደ ሙሉ ቅበላ ማስቀየር፣ ካስ መጠየቅ።

ከ2 እስከ 3 ወር በፊት፦ የጤና ምርመራውን ማጠናቀቅ፣ በካሱ ላይ የሰፈረውን እያንዳንዱን መረጃ ማረጋገጥ፣ ማመልከቻውን ማቅረብ።

የ2 ዓመቱ የውጤት ዘመን የሚቆጠረው የቪዛ ማመልከቻው እስከሚቀርብበት ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲ በሚያመለክቱበት ጊዜ ያላለፈበት ውጤት የቪዛ ጊዜ ሲደርስ አልፎበት ሊገኝ ስለሚችል፣ በተለይ የትምህርት መጀመሪያቸውን ወደ ቀጣዩ ዓመት ያስተላለፉ ተማሪዎች ቀኑን በድጋሚ ማስላት አለባቸው።

8. ስለ ፈተናው ዝግጅት

የአይኤልትስ ማዳመጥ 40 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ማንበብም 40 ጥያቄዎች አሉት፤ የተመደበለት ጊዜ 60 ደቂቃ ነው። በመጻፍ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጽሑፎች ይቀርባሉ፤ የመጀመሪያው ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃላት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ጽሑፍ በውጤቱ ላይ የመጀመሪያውን እጥፍ ክብደት አለው። ስለዚህ 20 ደቂቃ ለመጀመሪያው፣ 40 ደቂቃ ለሁለተኛው መመደብ ተገቢ ነው። የመናገር ፈተና ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት በሚደረግ ንግግር ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል።

አማርኛ ተናጋሪዎች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። በአማርኛ ግሥ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ስለሚውል፣ በአማርኛ አስቦ ቃል በቃል መመለስ የተንዛዛና ግልጽነት የጎደለው ጽሑፍ ያስከትላል። በአማርኛ እውቅነት የሚገለጸው በቃሉ መጨረሻ ላይ በሚጨመር ቅጥያ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ከስሙ በፊት ራሱን ችሎ በሚገባ ቃል ስለሆነ በቀላሉ ይዘነጋል። በመናገር ረገድ የአነጋገር ዘዬ በራሱ ውጤት አያስቀንስም። ፈታኙ የሚመዝነው ንግግሩ የተያያዘ መሆኑን፣ የቃላት ሀብትን፣ ሰዋስውንና አጠራሩ ለሰሚ ግልጽ መሆኑን ነው። በቃል የተጠና መልስ ማቅረብ ግን ውጤትን ይጎዳል።

አካል ጉዳት ያለባቸው ተፈታኞች እንደ ተጨማሪ ጊዜ ወይም በጉልህ ፊደል የታተመ ጥያቄ ያለ ድጋፍ ማግኘት ይችላሉ። ጥያቄው ከሕክምና ማስረጃ ጋር በምዝገባ ወቅት መቅረብ አለበት።

9. ሐሰተኛ ማስረጃና የሚያስከትለው ጉዳት

የአሁኑ ጥብቅ ሥርዓት የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የቢቢሲ «ፓኖራማ» ዝግጅት በዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ በሚገኙ የፈተና ማዕከላት «ቶይክ» በተባለው ፈተና ላይ ይፈጸም የነበረውን ማጭበርበር አጋለጠ። ተፈታኞችን ተክተው ሌሎች ሰዎች ሲፈተኑና መልስ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ታየ። ፈተናውን ያዘጋጅ የነበረው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በአገሪቱ ከተሰጡት ከ58 ሺህ በላይ ፈተናዎች 97 በመቶ ያህሉን አጠራጣሪ ብሎ ፈረጀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ቪዛቸውን አጡ። ከእነርሱ መካከል በትክክል ተፈትነን ነበር ያሉና ስማቸውን በፍርድ ቤት ለማጽዳት ዓመታት የፈጀባቸው ይገኛሉ። የአንዳንዶች ማጭበርበር ንጹሐንንም ጭምር እንዴት እንደሚጎዳ ይህ ክስተት ያሳያል።

በአሁኑ ጊዜ ማንኛውም የሴልት ውጤት በመለያ ቁጥሩ አማካይነት በቀጥታ ከፈተና ሰጪው የመረጃ ቋት ይጣራል። ስለዚህ «ሳይፈተኑ ሰርተፊኬት እናስወጣለን» ወይም «ውጤት እናስተካክላለን» የሚል ደላላ የሚሸጠው ሲጣራ ሐሰተኛነቱ የሚታወቅ ወረቀት ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ አመልካች ማመልከቻው ውድቅ ከመሆኑ በላይ ለ10 ዓመት ወደ ዩናይትድ ኪንግደም እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። ማመልከቻውን የሞላው ሌላ ሰው መሆኑ አመልካቹን ከተጠያቂነት አያድነውም። ሕጋዊ አማካሪ የሚጠቀሙ ተማሪዎችም የተሞላውን ቅጽ ከመላኩ በፊት ራሳቸው ማንበብ፣ የማመልከቻቸውን የይለፍ ቃል በእጃቸው መያዝና የሚቀርበውን ሰነድ ሁሉ ቅጂ ማስቀረት አለባቸው።

የቪዛ ባለሥልጣኑ አመልካቹን በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ሊያደርግለት እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። በወረቀት ላይ ያለው ውጤትና በቃለ መጠይቅ የሚታየው ችሎታ እጅግ ከተራራቁ ጥርጣሬ ማስነሣቱ አይቀርም።

10. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

ውጤቴ በአንድ ክህሎት ብቻ ቢጎድል ምን አማራጭ አለኝ?
በቅድሚያ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ማስረጃ የሚቀበል መሆኑን ይጠይቁ። የአይኤልትስ ውጤትዎ አሳማኝ ካልመሰለዎት በ6 ሳምንት ውስጥ በክፍያ እንደገና እንዲታረም መጠየቅ ይችላሉ፤ ውጤቱ ከተለወጠ ክፍያው ይመለሳል። ሌላው አማራጭ በድጋሚ መፈተን ወይም ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ከሆነ የቅድመ ትምህርት ቋንቋ ማጠናከሪያ መውሰድ ነው። ማጠናከሪያው ግን ተጨማሪ ክፍያና የመኖሪያ ወጪ እንዳለው አስቀድመው ያስቡ።

እንግሊዝኛ ለመማር ብቻ መሄድ ብፈልግስ?
ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ከ6 እስከ 11 ወር ለሚቆይ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት የአጭር ጊዜ ትምህርት ቪዛ አለ። ለዚህ የቋንቋ ማስረጃ አይጠየቅም። ይሁን እንጂ በዚህ ቪዛ መሥራትም ሆነ ቪዛውን ማራዘም አይፈቀድም።

አብሮኝ የሚሄድ የትዳር አጋሬ ፈተና ያስፈልገዋል?
የተማሪ ጥገኞች የቋንቋ ማስረጃ አይጠየቁም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ትምህርታቸውን ከሚጀምሩ ተማሪዎች መካከል ቤተሰብ ይዘው መሄድ የሚችሉት በዋናነት በምርምር ላይ የተመሠረተ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚከታተሉና በመንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል የሚማሩ ናቸው።

ቪዛዬ ቢከለከልስ?
የክልከላው ደብዳቤ ምክንያቱን ይገልጻል። ውሳኔው በስሕተት ተሰጥቷል ብሎ የሚያምን አመልካች ከአገር ውጭ ሆኖ በ28 ቀን ውስጥ አስተዳደራዊ ክለሳ መጠየቅ ይችላል። ክለሳው የሚመለከተው መርማሪው ስሕተት መሥራት አለመሥራቱን እንጂ አመልካቹ ዘግይቶ የሚያቀርበውን አዲስ ማስረጃ አይደለም። የጎደለ ነገር ካለ አሟልቶ በአዲስ መልክ ማመልከት ይመረጣል። በአዲሱ ማመልከቻ ላይ የቀድሞውን ክልከላ መደበቅ ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት

አመልካቾች ለፈተና ከመመዝገባቸውም ሆነ ለዩኒቨርሲቲ ቅድሚያ ክፍያ ከመላካቸው በፊት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ማግኘታቸውን ያረጋግጡ፦

1. ተቋሙ በዩናይትድ ኪንግደም መንግሥት በሚታተመው የተማሪ ስፖንሰሮች መዝገብ ላይ ስሙ ይገኛል?
2. የምማረው ትምህርት የዲግሪ ደረጃ ነው ወይስ ከዚያ በታች?
3. ዩኒቨርሲቲው ብቃቴን ራሱ ያረጋግጣል ወይስ ሴልት እንዳቀርብ ይጠይቃል? መልሱንስ በጽሑፍ አግኝቻለሁ?
4. የምመዘገብበት የፈተና ዓይነትና ማዕከል በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ አሉ?
5. በአራቱም ክህሎቶች የሚጠየቀኝ ውጤት ስንት ነው?
6. ውጤቴ የቪዛ ማመልከቻዬን እስከማቀርብበት ቀን ድረስ ያገለግላል?
7. ቪዛ ቢከለከል ዩኒቨርሲቲው ቅድሚያ ክፍያዬን የሚመልስበት ሁኔታ ምንድን ነው?

የኢሚግሬሽን ደንቦችና ክፍያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ ማመልከቻ በሚቀርብበት ወቅት በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከዩናይትድ ኪንግደም መንግሥት ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ የአመልካቹ ኃላፊነት ነው።